በሕይወት ያለ አይመጣም

«ዳይስ አያስፈልገውም» አለ ይታያል።

ሙላት እጁ ላይ የነበሩትን ሁለት የሉዶ ዳይሶች ጠረጴዛው ላይ ጣላቸው። «እንዴት ነው የማያስፈልገው? የኔ ተዋጊ ሰይፍ ለመሰንዘር ዳይስ ይጥላል። ፈዋሿም ቁስል ለማዳን ትጥላለች። ያንተ መንፈስ ጠሪ ማን ስለሆነ ነው ዝም ብሎ የሚጠራው?»

«መጥራት እኮ ጉልበት አይደለም። የሞተ ሰው ከተጠራ ይመጣል። በሕይወት ያለ ከሆነ ግን ቢጠራም አይመጣም። በቃ። ምኑን ነው በዳይስ የምትወስነው?»

የብርጓል ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ የእርሳሷን ጫፍ ታኝካለች። የጨዋታው ተራኪ እሷ ነች። ሁለቱ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ሲጫወቱ እሷ የቀረውን ዓለም ሁሉ ትሆናለች፤ ንጉሡንም፣ ሽፍታውንም፣ ጅቡንም፣ ዝናቡንም። «በሩ ተቆልፏል» ካለች በሩ ተቆልፏል። አዲስ ሕግ ሲወጣም የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው እሷ ነች።

ጨዋታውን ያገኙት እዚሁ ክፍል ውስጥ ነበር። ክፍሉ የሙላት አባት ግቢ ውስጥ ያለ፣ የሚከራይ ሰርቪስ ቤት ነው። አምና ተከራይቶት የነበረ የዩኒቨርስቲ ተማሪ ተመርቆ ከደብረ ማርቆስ ሲሄድ፣ አልጋው ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ የእንግሊዝኛ ወረቀት ትቶ ሄደ። ወረቀቱ ስለ ዋሻ፣ ስለ ዘንዶ፣ ስለ አስማት ያወራል፤ ስለ ሃያ ጎን ዳይስም ያወራል። ሃያ ጎን ያለው ዳይስ ከተማው ውስጥ ከየት ይመጣል? በሉዶ ዳይስ አደረጉት። ያልገባቸውን ዘለሉ፣ የዘለሉትን ከራሳቸው ፈጠሩ፤ ውሎ ሲያድር ዓለሙ የነሱ ሆነ።

ተጫዋቾች ከሚይዟቸው እንደ ተዋጊና ፈዋሽ ካሉ ሙያዎች ያልሠሩት አንድ ብቻ ነበር የቀረው። ወረቀቱ ላይ ከበሮ የያዘ፣ ቆዳ የለበሰ፣ ከሙታን ጋር የሚነጋገር ሰው ተሥሏል። ሙላት ሥዕሉን እንዳየ «ጠንቋይ ነው» አለ። የብርጓል ጠንቋይ ማስገባት አልፈለገችም፤ እናቷ ብታይ ካርቶኑን ከነወረቀቱ ምድጃ ውስጥ ነው የምትከተው። ስለዚህ ተዉት። በዚህ ሳምንት ግን ይታያል በድንገት «እኔ እሠራዋለሁ» አለ።

ነገሩ ገርሟታል። ይታያል ሁልጊዜ ተዋጊ ነበር የሚሆነው። ሕግ የሚባል ነገር አያነብም፤ በር ካየ ይሰብራል፣ ሽማግሌ መንገድ ላይ ቆሞ ምክር ሊሰጥ ሲጀምር ጥሎት ያልፋል። አሁን ግን ሰኞ የጀመረውን ሙያ እስከ ሐሙስ አልለቀቀውም። ከበሮውን ሰረዘ፤ ቆዳውን ሰረዘ፤ በእሳት መጫወቱን፣ ወደ አውሬ መለወጡን፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን የሚያጓጓ ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ሰረዘ። መጨረሻ ላይ መጥራትና መጠየቅ ብቻ ቀረ።

«እሺ፣ መጣ እንበል» አለች። «ስንት ጥያቄ ይመልሳል?»

«አንድ።»

«መናፍስት ደግሞ ይዋሻሉ።»

«የኔዎቹ አይዋሹም።» ይታያል ቀና አላለም። «ሊዋሽ ከሆነ ምን ልሁን ብዬ እጠራዋለሁ? የሚዋሽ ሰው ከፈለግሁ በሕይወት ያለው መች ጠፋ!»

«አቦ፣ ይሄማ ሚዛን የለውም» አለ ሙላት። «ንጉሡ ተገድሎ ሲገኝ ጠርቶ ‹ማን ገደለህ?› ካለው ጨዋታው እዚያው አለቀ። እኛ ምን ልንሠራ ነው የተቀመጥነው?»

«ዋጋ ይክፈላ» አለች የብርጓል።

«ይከፍላል። አንድ ጥሪ፣ አንድ ትዝታ። ከሟቹ ጋር የነበረውን አንድ ነገር ጮክ ብሎ ይናገራል። ከተናገረው በኋላ ይረሳዋል፤ ሁለተኛ ትዝ አይለውም።»

ሙላት ሊከራከር የከፈተውን አፉን ዘጋ። ከዚያ «ይሄ አሪፍ ነው» አለ በቀስታ። «ይሄ በጣም አሪፍ ነው።»

አሪፍ መሆኑን የብርጓልም አውቃለች፤ ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ቆሟል። ከሠሯቸው ሙያዎች ሁሉ እንዲህ ያለ አልነበረም። «እሺ፣ ዳይስ የለውም» አለችና ጻፈችው።

ወደ ቤት የሄዱት አብረው ነው፤ የእሷና የይታያል ሰፈር አንድ ነው። የኅዳር ነፋስ የመንገዱን አቧራ እያነሳ ፊታቸው ላይ ይበትነዋል። ይታያል ሰሞኑን ቤቱ ውስጥ ብቻውን ነው። እናቱ እትዬ ሥራነሽ ለኅዳር ጽዮን ደብረ ወርቅ ሄደዋል፤ ስለት አለባቸው። ስለቱ ስለ ታላቅ ወንድሙ ስለ እንዳላማው ነው። እንዳላማው በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ፤ ከሱዳን ሊቢያ። ክረምት ሊገባ ሲል ደውሎ «ልንሻገር ነው፣ ጸልዩልኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

«የብርጓል» አለ ይታያል፣ «ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ።»

«እንዴት?»

«መምህር ኃይለ ሚካኤል የቤት ሥራ ሳልሠራ ሄጄ ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹ምንም አይደለም ልጄ።› ‹ልጄ› አሉኝ! ጭንቅላቴን ዳበሱኝ። አከራያችን ደግሞ ትናንት ራት ይዛልኝ መጣች። ለኛ ሰላምታም አትሰጥም ነበር እኮ።»

የብርጓል ሳቀች። «እናትህ እዚህ ስለሌሉ ነዋ። ደግ ሆኑ ብለህ ልትከሳቸው ነው?»

ይታያል አልሳቀም። እነ ይታያል ግቢ በር ላይ ሲደርሱ ተለያዩ።

ቤቷ ስትገባ ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ሰዎች ከአባቷ ጋር ተቀምጠዋል። አባቷ አቶ አወቀ የሰፈሩ እድር ዳኛ ስለሆነ ሰው መምጣቱ አዲስ ነገር አልነበረም። አዲስ የሆነው እሷ ስትገባ ወሬው መቆሙ ነው። ሰላም ብላ፣ ጉልበት ስማ ወደ ማድ ቤት አለፈች። እናቷ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ስታያት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። የማድ ቤቱ በር ክፍት ነው፤ የሳሎኑም መስኮት።

«ልጁ እርግጠኛ ነው?» ይላል አንደኛው።

«አብሮት ጀልባዋ ላይ ነበር። የአማኑኤል ከተማ ልጅ ነው፣ አባቱን አውቀዋለሁ። ‹እንዳላማውን ሲሰምጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ› ነው የሚለው።»

ቀጥሎ የአባቷ ድምፅ መጣ፦ «ሥራነሽ ቅዳሜ ትገባለች። እሁድ ማለዳ እንነግራታለን። ወንድሞቿ ከአምበር መጥተው ቀድመው ይድረሱ። እስከዚያ ድረስ ማንም አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ። ይታያልን አብሉት፣ አጠጡት፣ ብቻውን አትተዉት። ሌላ ነገር ግን አደራ።»

የብርጓል የማድ ቤቱን ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። እናቷ ቢላዋውን አስቀምጣ እጇን ያዘቻት። የሽንኩርቱ ነው ብላ ያሰበችው የእናቷ እንባ የሽንኩርት እንዳልሆነ ያኔ ገባት።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አባቷ ጠራት።

«ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ።»

«መርዶ መንገድ ላይ አይጣልም። ሰው ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ደግፎ ይዞ ነው የሚነገረው። ያቺ ሴት መኪና ውስጥ ብትሰማው አንድ ነገር ትሆናለች፤ ልብ ድካም እንዳለባት ታውቂያለሽ። ገባሽ?»

«ገባኝ አባዬ።»

እውነትም ገብቷታል። አባቷ ልክ ነው። ያን ቀን ከሁሉ የከበዳት ይኼው ነበር።

ዓርብ ዕለት ትምህርት ቤት ውስጥ ይታያልን እየሸሸች ዋለች። በዕረፍት ሰዓት መጸዳጃ ቤት ገባች፤ ከክፍል ሲወጡ መጽሐፍ ልመልስ ነው አለች። ከሰዓት ላይቀርላት ነገር ሰርቪስ ቤቱ ቀድማ ደረሰችና ጠረጴዛው ላይ ካርታውን ዘረጋች። ካርታው ላይ መሀል ቦታ ትልቅ ሐይቅ ነበር። ላጲሷን አውጥታ አጠፋችው። ወንዞቹንም አጠፋቻቸው። ተራራና የተቃጠለ አምባ ብቻ ተወች፤ ተጫዋቾቹ ዛሬ ውሃ የሚባል ነገር እንዳያገኛቸው።

ሙላትና ይታያል ተከታትለው ገቡ። ይታያል በረዶ የነካው ሰው ይመስል እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከቶ ተቀመጠ።

«የመንፈስ ጠሪህ ስም ማን ነው?» አለው ሙላት።

«ስም የለውም። ትቶታል።»

የብርጓል ጉሮሮዋን ጠረገች። «ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ቀይሬያለሁ። መንፈስ ጠሪው ዳይስ ይጥላል። ከዘጠኝ በላይ ከወጣ ብቻ ነው መንፈሱ የሚመጣው። ሙላት ልክ ነበር፣ ሚዛን የለውም።»

«አላልኩም?» አለ ሙላት ደስ ብሎት።

ይታያል ያያት ጀመር። ዓይኑን ከፊቷ ላይ አላነሳም። «መቼ ነው የቀየርሽው?»

«ትናንት።»

«ስንለያይ እኮ ተስማምተን ነበር። ከተለያየን በኋላ ምን ተፈጠረ?»

«ምን ይፈጠራል? አሰብኩበት፣ በቃ።»

«እሺ» አለ።

ቶሎ ብላ መተረክ ጀመረች። ተዋጊውና መንፈስ ጠሪው በተራራው ጥግ ለጥግ ወጥተው የተቃጠለው አምባ በር ላይ ይደርሳሉ። በሩ በከሰል ጠቁሯል። ወፍ የለም። ሣሩ በአንድ ወገን ተኝቷል፤ አንድ ከባድ ነገር ተጎትቶ ያለፈበት ይመስላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ስትተርክ ራሷም ትፈራ ነበር። ዛሬ ግን ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነባት።

«በሩን የሚጠብቀው ዘበኛ እዚህ ነው የተገደለው» አለች። «መንፈሱ ከበሩ አልራቀም። ወደ ውስጥ የሚያስገባውን መንገድ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ትጠራዋለህ?»

«እጠራለሁ» አለ ይታያል። «እሱን ግን አይደለም።»

«ማንን ነው?»

«መጀመሪያ ዋጋውን ልክፈል።» እጆቹን ከብብቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረጋቸው። «ከአያታችን ቤት ስንመለስ ነው። እኔ ትንሽ ነበርኩ። የጨሞጋ ወንዝ ሞልቶ ነበር። ወንድሜ የሁለታችንንም ጫማ በማሰሪያው ነክሶ፣ እኔን አዝሎ ገባ። መሀል ላይ ስንደርስ ውሃው ደረቱን አለፈ። ቆመ። ጫማውን ከአፉ አውጥቶ ‹ፈራህ?› አለኝ። ‹አልፈራሁም› አልኩት። ‹እኔ ፈርቻለሁ› አለኝና ሳቀ። እንደዚያ እየሳቀ አሻገረኝ።»

«ጨሞጋ እኮ በኛ ዓለም ውስጥ...» ብሎ ጀመረ ሙላት። በቀልድ ነበር የጀመረው፤ መጨረስ ግን አልቻለም።

ይታያል ዳይሶቹን አንስቶ ወደ የብርጓል ገፋቸው። «በመጀመሪያው ሕግ ነው የምጠራው። ራስሽ ነሽ የጻፍሽው።» ድምፁ ዝቅ አለ፤ እያንዳንዷ ቃል ግን ትሰማለች። «እንዳላማው። የሥራነሽ ልጅ፣ እንዳላማው። በሕይወት ካለህ አትምጣ።»

የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ እየተንጣጣ ነበር። ከግቢው ማዶ አንድ ሰው እንጨት ይፈልጣል።

የብርጓል «አልመጣም» ማለት ትችላለች። አንዲት ቃል ነች። ይታያል ትንፋሹን ለቆ ይስቃል፤ ቤቱ ሄዶ ተኝቶ ያድራል፤ ነገ መነኸሪያ ሄዶ እናቱን እየሳቀ ይቀበላል። እሁድ ጠዋት ደግሞ ያውቃል። መሞቱን ብቻ ሳይሆን እሷ ዓይኑን እያየች የነገረችውን ውሸትም። «መጣ» ማለትም ትችላለች። ንጉሥ ሆና ተናግራለች፣ አሮጊት ሆና አልቅሳለች፣ ጅብ ሆና ጮኻለች። የእንዳላማውን ድምፅም ታውቀዋለች፤ ሻካራ ነው፣ ቃሉን ሳይጨርስ ሳቅ ይቀድመዋል። ብትሞክረው ትችልበታለች። ከሁሉም በላይ ያስፈራት እንደምትችልበት ማወቋ ነበር።

ካርታውን ከጫፉ ይዛ አጠፈችው።

«አልተርክም» አለች። «ይሄን በጨዋታ አልመልስልህም ይታያል።»

«መልሱን ታውቂዋለሽ ማለት ነው።»

የካርታውን እጥፋት በጥፍሯ ጫነችው።

«አባትሽ የእድር ዳኛ ናቸው» አለ። «በሰፈሩ ማን እንደሞተ አባትሽ የማያውቁበት ጊዜ የለም። አንቺን ብጠይቅሽ ‹አላውቅም› ትይኛለሽ። ማንንም ብጠይቅ ያበላኛል እንጂ አይነግረኝም። እዚህ ስትተርኪ ግን ዋሽተሽ አታውቂም።»

ሙላት አንዴ እሷን አንዴ ይታያልን እያየ ተነስቶ ቆሟል። «ምንድን ነው? ሙድ እየያዛችሁብኝ ነው?» የይታያልን ፊት ሲያይ የራሱም ተለዋወጠ። «ይታያል... ወንድምህ ነው እንዴ?»

«ሙላት፣ አንተ እዚሁ ቆይ» አለች የብርጓል። «ለማንም ምንም እንዳትናገር፣ በማርያም።» ይታያልን ክንዱን ነካችው። «ተነስ። አባዬ ጋ እንሂድ።»

ሁለቱ ወጥተው መንገድ ጀመሩ። ሴቶች ከየበሩ «እንዴት ዋልክ ዓለሜ?» ይሉታል፤ እሱም ጎንበስ እያለ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። አንዲት አሮጊት አልፋቸው ከሄደች በኋላ ዞር ብላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ የብርጓል አየች። ይታያልም አየ። እርምጃውን አፈጠነ፤ ልትደርስበት መሮጥ ነበረባት።

አባቷ ግቢው ውስጥ የጌሾ ቅርንጫፍ ይቆርጥ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያያቸው መቁረጫውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ለየብርጓል እንዲህ ያለ ፊት አሳይቷት አያውቅም።

«ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ?»

«አልነገርኩትም አባዬ» አለች። «ጠየቀኝ። መዋሸት ግን አቃተኝ።»

አቶ አወቀ ሊቆጣ ትንፋሽ ሳበ። ይታያልን ሲያይ ግን ትንፋሹ ተመልሶ ወጣ። «ግባ ልጄ» አለው። ሳሎን አስገብቶ አስቀመጠው፤ እናቷን ጠራት፤ በሩን ዘጋ። እሱም ወንበር ስቦ ጉልበቱ የይታያልን ጉልበት እስኪነካ ተጠግቶ ተቀመጠ።

«እንዲህ ልነግርህ አልነበረም። ሰው ሰብስቤ፣ አጎቶችህ መጥተው...»

«ጋሼ አወቀ» አለ ይታያል፣ «ሞቷል?»

«አዎ ልጄ። ባሕር ላይ። እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር።»

ይታያል አልጮኸም። እንደገባው ሰው ራሱን ነቀነቀ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ መነቅነቁን ማቆም አቃተው። ከደረቱ ውስጥ የሆነ ድምፅ ተነሳ፤ ሲወጣ የልጅም የትልቅ ሰውም ለቅሶ አይመስልም ነበር። አቶ አወቀ ብድግ ብሎ ጭንቅላቱን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘው።

«ቀስ ልጄ። ቀስ የኔ ጌታ። ድምፅህ ከተሰማ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። ነገ እናትህ ከመኪና ስትወርድ ማን ቀድሞ ምን እንደሚላት አናውቅም። ለእሷ ስትል፣ እስከ እሁድ...»

ይታያል የአባቷን ጋቢ በጥርሱ ነከሰ። ለቅሶው ግን በጋቢውም ውስጥ አልፎ ወጣ። እናቷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ግድግዳው ሥር ኩርምት አለች። በአጥሩ ማዶ ጎረቤታቸው እትዬ ወለተ ሚካኤል ዶሮ ሲያባርሩ በግልጽ ይሰማል። እዚያ ቤት የሚሰማ እዚህ፣ እዚህ የሚሰማም እዚያ ነው።

«አንቺ ውጪ» አላት አባቷ ዞር ሳይል።

የብርጓል አልወጣችም። ወደ ብፌው ሄደች። ሬዲዮኑን ከፈተችው። አንድ ዘፋኝ ስለ ፍቅር እየዘፈነ ነበር፤ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞረችው። ቤቱ ውስጥ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። አባቷ ቀና ብሎ አያት፤ እንደገና ወደ ይታያል ጎንበስ አለ።

«የብርጓል!» አሉ እትዬ ወለተ ሚካኤል ከአጥሩ ማዶ። «በጾም ምን ነክቶሽ ነው? ኧረ ቀንሺው!»

«ዘፈኑን ወድጄው ነው እትዬ!» ብላ ጮኸች።

ድምፁ የእሷ አልመሰላትም። ተመልሳ ሄዳ ይታያል እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ።

«አሁን አልቅስ» አለችው። በዘፈኑ ውስጥ መስማቱን አላወቀችም። እጁ ግን ከወንበሩ ወርዶ ትከሻዋን ጨመደደው፤ አለቀሰ። እትዬ ወለተ ሚካኤል ሁለተኛ ተጣሩ፣ ሦስተኛም ተጣሩ፣ ስለ ዘመኑ ልጆችም አንድ ነገር ተናገሩ። የብርጓል ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም፤ ሬዲዮኑንም አልቀነሰችውም።